የኔታ ያልከፈቱት ዓይን

ሙጫ ሲፈላ የሚሸተውን የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ በውሃ ተዘፍዝፎ ሰንብቶ፣ ኋላ ከእሳት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ የሚወጣው ሽታ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል እንጂ አልፎ አይሄድም። ባለፈው መስከረም አባቴን ይዤ ከቢቸና ሞጣ ሄጄ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ግቢው ውስጥ ሙጫ ተጥዷል። የግድግዳው ሥዕል እርጥበት አግኝቶት ግርጌው ተላቅቋል፤ ሊመልሱት ነው አሉን። ግርጌው የሚለውን ስሰማ ባለሁበት ቆምኩ። ከሥዕሉ ግርጌ የተሣለው አባቴ ነው።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ አባቴ፣ ክንዴን እንደያዘ።

"ምንም።"

"ሙጫው ነዋ" ብሎ ሳቀ።

እሱ አይፈራም፤ ከቤታችን የሚፈራው እኔ ነኝ። ሰው ሲያስነጥስ ለቀብር የማስብ ልጅ ነበርኩ ይሉኛል። እውነት ነው፣ ስጉ ነኝ፤ ይህም ከዕድሜ ጋር አልለቀቀኝም። ልጅ ሳለሁ ሞጣ በከረምኩበት ክረምት ግን የፈራሁት በከንቱ አልነበረም።

አባቴ ላቀው ድንጋይ ጠራቢ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ስትታነጽ ድንጋይዋን ያለ ዋጋ ሊጠርብላት ከቢቸና መጣ። ስለት ነበረበት። ስለቱም ለእኔ ነው፤ ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ልሞት ስል "ብታተርፊልኝ በእጄ አገለግልሻለሁ" ብሎ የተሳለው። ግንቡ አልቆ፣ ጣሪያው ለብሶ፣ የቀረው የደጀ ሰላሙ ደረጃ ብቻ ነበር። የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ሲጠርብ ፍንጣሪ ዘሎ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እማዬ ወሬውን ስትሰማ እኔን አንጠልጥላ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ደረሰች፤ እኔን አጎቷ ቤት ጥላ እሱን ይዛ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሄደች። "ለጥቂት ቀን ነው" አለችኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ እኔ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች "ለጥቂት ቀን ነው" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የማውቅበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

የእናቴ አጎት መሪጌታ ስሜነህ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። አገሩ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ አልኳቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ግን የእሳቸውንም ድርሻ ጨምረው ይናገሩ ነበር። እኔን ያዩኝ ቀን እትዬ ደብሬ "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!" እያሉ እቅፍ አድርገው ጭራሽ አስለቀሱኝ። የኔታ ደግሞ አዩኝና አንዲት መጅ ሰጡኝ።

"ሐሳብ ከምትፈጪ ቀለም ፍጪ" አሉኝ።

የቤታቸው ትልቁ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ አቡጀዲ የተያዘ ነበር። የኔታ ክረምቱን እቤታቸው ሆነው አቡጀዲው ላይ ይሥላሉ፤ ዝናቡ አባርቶ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲደርቅ ሥዕሉን ወስደው በሙጫ ይለጥፉታል። ያ ሥዕል የስደቷ ነበር። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ወደ ግብጽ ስትሸሽ፣ ዮሴፍ በትሩን ይዞ፣ ሰሎሜ ስንቁን ተሸክማ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሕፃኑን ሊገድሉ የሔሮድስ ወታደሮች ጦራቸውን ወድረው ሲከተሉ። ለጽጌ መግቢያ መድረስ አለበት፤ ጽጌ የዚያው የስደቱ መታሰቢያ ነውና።

ሥራው ቶሎ ያዘኝ። መጀመሪያ አቡጀዲው ሙጫና ጀሶ ይጠጣል፤ ከደረቀ በኋላ እንደ እንቁላል እስኪለሰልስ በጠጠር ይታሻል። ያ የኔ ሥራ ሆነ። ቀዩና ብጫው ቀለም አፈር ነው፤ ከወንዝ ዳር መጥቶ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ሻካራው ሲዘቅጥ ላዩ ይቀዳል። ጥቁሩ የእትዬ ደብሬ ድስት ጥላሸት ነው። ሰማያዊው ብቻ ከሱቅ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚመጣ ዱቄት ነበር። ይህ ሁሉ ከፈላ ሙጫ ጋር ካልተዋሐደ አይይዝም፤ ስለዚህ ድስቱ ሥር ያለው እሳት እንዳይጠፋም እንዳይበዛም መጠበቅ ነበረብኝ። ውጭ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ግቢው ጭቃ ነው፤ ጉሙ ከቀትር በፊት አይገለጥም። እኔ ከጭሱና ከሽታው መሐል ቁጢጥ ብዬ ባሕር ዳርን አስባለሁ።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነበር። ሥዕሉ ላይ ልብሱ ተቀብቶ አልቋል፣ እጁ አልቋል፣ ፊቱም ተቀብቷል፤ ዓይን ግን አንዳቸውም የላቸውም። እመቤታችንም፣ ሕፃኑም፣ አህያዪቱም ሳይቀሩ ባዶ ፊት ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሩ ሳይከፈት በፊት በዚያ ጨለምለም ባለ ክፍል ማለፍ ይጨንቀኛል።

"የኔታ፣ ለምን ዓይን የላቸውም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ዓይን የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። እጅ ታጥቦ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ጸሎት ተደርሶ።"

"ማን ነው የሚከፍተው?"

"እኔ ነኛ። እኔ ካልከፈትኩለት በምን ያያል?"

ይህን ይዤ ሄድኩ። የኔታ ዓይን ይከፍታሉ። አባዬ ዓይኑን ታሟል። ታዲያ ባሕር ዳር ድረስ ምን አስኬደው? እማዬ ይህን እንዴት ሳታውቅ እንደቀረች ግራ ገባኝ፤ ደግሞም ለማንም አልተናገርኩም፤ ጥሩ ነገር ሲነገር ይበላሻል ብዬ አምን ነበር።

መጀመሪያ የተከፈቱት የወታደሮቹ ዓይኖች ናቸው። የኔታ ጠዋት ከተዘጋጁ በኋላ አንዱን ወታደር በቀጭን ብሩሽ ነካ ሲያደርጉት ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው የተጨመረ መሰለኝ። ቀጠሉ። ሁሉም በጎን የተሣሉ ናቸው፤ አፍንጫቸው ወደ ፊት ሾጥጦ፣ አንድ ጆሮና አንድ ዓይን ብቻ እየታየ።

"ሁለተኛውስ ዓይናቸው?" አልኩ።

የኔታ ብሩሹን በጥርሳቸው ይዘው ነበር። "ኃጥእ በአንድ ዓይን ነው የሚሣል፤ ጻድቅ በሁለት። ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው" አሉኝ፤ ወደሚቀጥለው ወታደርም አለፉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ደወለች። የእትዬ ደብሬ ስልክ ኔትወርክ የሚያገኘው ከግቢው በር አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። በዝናብ ነጠላቸውን ተከናንበው ድንጋዪቱ ላይ ወጡ፤ እኔም ሙጫውን ትቼ ከጓሮ ዞሬ አጥሩ ሥር ተጠጋሁ።

"አወጡት? . . . እኮ ግራውን? . . . ሌላውም እንዳይከተል ብለው ነው? . . . ተይ፣ ተይ ልጄ፣ አታልቅሽ፣ እሱም ይሰማሻል። አንዱ ይትረፍለት እንጂ . . . አንድ ዓይንም ዓይን ነው።"

ሲመለሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "አባትሽ ደኅና ነው" አሉኝ። "ደኅና ነው ብላለች እናትሽ።" እኔም "እሺ" አልኩ። ከዚያ ሮጬ ገብቼ አቡጀዲው ፊት ቆምኩና ወታደሮቹን አየኋቸው። ሁሉም አንድ ዓይን አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይን መቁጠር አመል ሆነብኝ። በመንገድ የሚያልፈውን ሰው በጎን ካየሁት ልቤ ይመታል፤ ዞሮ ሁለቱንም እስኪያሳየኝ እከተለዋለሁ። የእትዬ ደብሬ ዶሮ ሰው የምታየው አንገቷን ሰበር አድርጋ በአንድ ዓይኗ ነው። ዶሮ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ድሮም አውቃለሁ። ያን ክረምት ግን ተኳረፍን፤ እሷ ካለችበት ውሃ እንኳ አልቀዳም ነበር። አንድ ቀን እትዬ ደብሬ ከጎረቤት ሲያወሩ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ሲሉ ሰማሁ። ይህን ከሰማሁ በኋላ መፍራቴንም ፈራሁት። እንዳልፈራ እየታገልኩ ሙጫውን ሁለት ጊዜ አሳረርኩ።

ይባስ ብሎ አባዬ ሥዕሉ ላይ ነበር። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲሣል፣ ለሥራው የደከሙ ሰዎች ከሥዕሉ ግርጌ እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑ ይሣላሉ። ምእመናኑ ተመካክረው ድንጋይ ጠራቢው ላቀው እንዲገባ ወስነዋል። የኔታ በከሰል ነድፈውታል፤ ጋቢ ለብሶ፣ መዶሻው ከጎኑ ወድቆ፣ ተንበርክኮ። ቦታው ግን ሌላ ጠፍቶ ልክ ከወታደሮቹ እግር ሥር ነው። ትንሽ ፊቱን ዘወር ቢያደርግ ማን ከእነሱ ይለየዋል? ጣቴን ዘርግቼ በመሐላቸው ያለውን ክፍተት እለካለሁ። ጠባብ ነው።

አንድ ጠዋት ድፍረቴን ሰብስቤ ጠየቅኋቸው።

"የኔታ፣ የአባዬን ዓይን ይከፍቱለታል?"

የኔታ ቀለም እየበጠበጡ ነበር። "ይምጣና እናየዋለን" አሉ።

"ሁለቱንም?"

"ይምጣ አልኩሽ እኮ።"

"እሺ" እንኳ አላሉኝም። ሰው እሺ ያላለውን ነገር ማታ ማታ እያገላበጡ ማደር እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

"እንግዲያው ዓይን አሣሣል ያስተምሩኝ" አልኳቸው በማግስቱ። ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላውቅም፤ ማወቁ ብቻ የሚረዳኝ መስሎኝ ነው። ከሰልና የሳጥን ክዳን ሰጡኝ። ቅንድቡ በአንድ ትንፋሽ ይሳባል። የላይኛው ሽፋን መስመሩ ወፈር ይላል፣ የታችኛው ቀጠን። ብሌኑ ከላይኛው ሽፋን ተንጠልጥሎ ይወርዳል እንጂ መሐል ላይ አይንሳፈፍም፤ ከተንሳፈፈ ሰውየው የደነገጠ ይሆናል። የእኔ ሁልጊዜ ይንሳፈፋል። ክዳኑን ሞልቼ ሳሳያቸው የኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ።

"አይ ውባለም! የአንቺ ቅዱሳን ሁሉ ድንጉጥ ናቸው" አሉ።

ነሐሴ ሲጋመስ እማዬ እንደገና ደወለች። ደኅነኛው ዓይን ቀልቷል፣ ሐኪሞቹ አንለቅም ብለዋል። ይህን አጥር ሥር ተደብቄ መስማት አላስፈለገኝም፤ እትዬ ደብሬ ድንጋዪቱ ላይ ሆነው "ኧረ እመቤቴ!" ብለው ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ያን ቀን የኔታ ቀለሙን ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ አቡጀዲው ፊት ብቻዬን ቁጭ አልኩ። እመቤታችን ያን ጊዜ ገና ዓይን አልነበራትም። በማታይበት ጊዜ የሚለመን ልመና ይሰማል ወይ ብዬ ተጨነቅሁ። ቢሆንም ለመንኳት። ስለቱ ለእኔ ነው፣ ከፈለግሽ ከእኔ ውሰጂ አልኳት፤ ወዲያው ደግሞ እውነት ብትወስድብኝስ ብዬ ሁለት ዓይኖቼን በእጄ ከደንኩ።

ከዚያ ቄሰ ገበዙ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ መጡ። የቤተ ክርስቲያኗን ንብረትና ሥራ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ችኩል፣ ዣንጥላቸው ከእጃቸው የማይለይ ሰው። ሥዕሉን እያደነቁ ግርጌው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ላቀው ዓይኑ ወጣ አሉ። እና እንዴት ሊሥሉት ነው?"

"ገና አላየሁትም" አሉ የኔታ።

"እንዲያው ለነገሩ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ የለም? ሁለት ዓይን ነበረው። እንደ ፎቶው ይሣሉትና ይለቅ። ነገ ከነገ ወዲያ ሕዝቡ አንድ ዓይና ሰው ሲያይ ምን ይለናል?"

ቄሰ ገበዙን በዚያች ሰዓት እንደወደድኳቸው ሰው ወድጄ አላውቅም። ሮጬ ሄጄ ዶሮዋን ልስም ምንም አልቀረኝም።

የኔታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሌለ ዓይን አልከፍትም፣ አባ። ሲያየው ያፍርብኛል።"

"እንግዲያው ይተዉት።"

"እሱንም አላልኩም።"

ቄሰ ገበዙ ዣንጥላቸውን ዘርግተው እያጉረመረሙ ወጡ። እኔ ሒሳቡን ጨረስኩ። ሁለት ዓይን አይሆንም ብለዋል። አይቀርም ብለዋል። ታዲያ የቀረው በጎን መሣል ነው። ዕለቱን እህል አልወረደልኝም፤ እትዬ ደብሬም ግንባሬን ዳብሰው "ልጅቱ ወባ ይዟታል" ብለው በጋቢ ጠቅልለው አስተኙኝ።

አባዬ የመጣው አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ደኅነኛው ዓይን ተርፎለት ነበር። ይህን እማዬ ከበሩ ጀምራ "ተርፏል! ተርፏል!" እያለች ስታሰማ እትዬ ደብሬ እልል አሉ። እኔም እየሮጥኩ ወጣሁ። አባዬ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ጋቢውን እስከ ጉንጩ ተከናንቦ፣ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጧል። በጎኑ። የሚታየኝ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ አፍና አንድ ዓይን ነው።

እግሬ ከመሬት ጋር ተሰፋ።

"ውቤ፣ አደግሽ እኮ" አለኝ። የሚያየው ግን እኔን አይደለም፤ የአጥሩን እንጨት ነው።

"ዞር ብለህ ሳማት እንጂ!" አለችው እማዬ።

ሳመኝ። ግራ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ አናቴን ከጎን ሳመኝና እንደገና ወደ አጥሩ ዞረ። ጠረኑ የአባዬ ነው፣ ድምፁ የአባዬ ነው። ገጽታው ግን ከሥዕሉ ወርዶ የመጣ ወታደር ነው። ገብቼ ከተጣጠፉት አቡጀዲዎች ኋላ ተደበቅሁና አፌን በእጄ አፍኜ አለቀስኩ። የፈሩት ደረሰ አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከክረምቱ ሁሉ የከፉ ነበሩ። አባዬ ስበላ በጎኑ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ስንሄድ በቀኙ በኩል ያስኬደኛል፤ ስጠራው አንገቱን ሳይሆን ጆሮውን ያዞርልኛል። እኔም ፊት ለፊቱ ላለመምጣት ስሸሽ፣ እሱ ፊቱን ሲሸሽግ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሳንተያይ ሰነበትን። እማዬ ዓይኑን ታጥብለትና "ልጅህን ምን አደረግሃት?" ትለዋለች። "ተያት፣ ትልመደኝ" ይላል እሱ።

በመጨረሻ ሥዕሉ ተፈጸመ። እመቤታችን ዓይኗ ተከፍቷል፣ ሕፃኑም፣ ዮሴፍም፣ ሰሎሜም፣ ግርጌው ላይ የተንበረከኩት ሌሎቹም። የቀረ አንድ ባዶ ፊት ነው። የኔታ በጠዋት እጃቸውን ታጥበው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ጸሎታቸውን አድርሰው አባዬን አስጠሩት። እኔ ጥቁሩን ቀለም በቀንድ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ቀንዱን እስከ አፉ ስለሞላሁት ቀለሙ ጣቶቼ ላይ ፈሷል።

"ተቀመጥ፣ ላቀው።"

አባዬ በርጩማው ላይ በጎኑ ተቀመጠ።

"ወደ እኔ ዙር።"

"የኔታ፣ በዚህ በኩል ቢሥሉኝ ምናለበት? ደኅናው ይኼ ነው።"

"በዚያ በኩል የምሥለው የሔሮድስን ወታደር ነው።"

"እንግዲያስ ይቅርብኝ። ድንጋዩን የጠረብኩት ለመሣል አልነበረም።" ተነሣ።

"ተቀመጥ እባክህ። ይህች ልጅ ክረምቱን ሙሉ የሰው ዓይን ስትቆጥር ነው የከረመች" አሉ የኔታ፤ እኔ ማንም አላወቀብኝም ብዬ ነበር። "የባለቤቴን ዶሮ እንኳ አላመነቻትም። አንተ ደግሞ መጥተህ ከዶሮዋ ጋር ተሰለፍህ።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"እሷን ጠይቃት።"

አባዬ ወደ እኔ ጆሮውን አዞረ። ክረምቱን ሙሉ የያዝኩት ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ።

"አባዬ፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ነው የሚሣል! ከወታደሮቹ ጋር ሊደምሩህ ነው! አንተ ደግሞ እንደነሱ ሆነህ መጣህ! ዓይንህ የጠፋው በእኔ ስለት ነው፤ በእኔ የተነሣ ከእነሱ ጋር ልትሆን ነው!"

አባዬ ሥዕሉን አየ። ወታደሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። ጋቢውን አጥብቆ ያዘ።

"እኔ እኮ እንዳትፈሪኝ ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ። "በዚያኛው በኩል አስፈራለሁ፣ ውቤ።"

"እኔ የፈራሁህ በዚህ በኩል ነው" አልኩት።

የኔታ ብሩሹን አስቀመጡ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ብሩሽ በአፌ ይዤ የማይነገር ነገር ተናገርኩ። ልጄ፣ ሥርዓቱ ስለ ዓይን ቁጥር አይደለም። ፊቱን የሚያዞር ነው ኃጥእ የሚባለው። እኒህ ወታደሮች ሁለተኛ ዓይን አጥተው አይደለም፤ አዙረውት ነው።"

አባዬ ዞረ። መጀመሪያ በርጩማው፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ፊቱ። ኮፍያውን አወለቀ።

ክረምቱን ሙሉ ያሰብኩት ጉድጓድ ነበር፤ ጉድጓድ አልነበረም። የዓይኑ ሽፋን ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሎ ተከድኗል፣ ሽፋሽፍቱ በሥርዓቱ ተኝቷል፣ ጥግ ላይ ቀላ ያለች ጠባሳ አለች። ግማሽ ፊቱ እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር። በሌላኛው ዓይኑ እያየኝ ነው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። አባዬ ነበር። ቀንዱን ጥዬ ሄጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ጥቁሩ ጣቴ ጋቢውን አበላሸው፤ እማዬ ያን ጋቢ ስታጥብ ለዓመታት ስታነሣው ኖራለች።

"በሉ፣ ፆሜን ልታውሉኝ ነው?" አሉ የኔታ።

ቀኝ ዓይኑን ከፈቱለት። ብሌኑ ከላይኛው ሽፋን በደንብ ተንጠለጠለ፤ አልደነገጠም። ከዚያ ብሩሹን እንደገና ነክረው ወደ ግራው አስጠጉና ቆሙ። እጃቸው አየር ላይ ቆየ።

"እኔ ዕድሜዬን ዓይን ስከፍት ኖርኩ። መዝጋት አላውቅበትም" አሉ። "ነይ ውባለም፣ ይቺን አንቺ ሳቢያት።"

"ይበላሽብኛል የኔታ።"

"አንዲት መስመር ናት። ትንፋሽሽን ያዢ።"

ያዝኩ። ሳብኩ። መስመሯ ወደ ጥጉ ስትደርስ እጄ ነጠር አለና ጫፏ ወደ ላይ ተሰቀለች።

"ጠመመች!" ብዬ ጮኽኩ።

የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። "አልጠመመችም። ይጠቅሳል እንጂ" አሉ። አባዬ ተነሥቶ ራሱን አየና ከት ብሎ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ ዕለት ቄሰ ገበዙ መጥተው ከላይ እስከ ታች አዩና ግርጌው ላይ ደርሰው ደነገጡ። "ኧረ በማርያም! ይኼ ሰው በቤተ መቅደስ ይጠቅሳል እንዴ?"

የኔታ ከመሰላሉ ላይ ሆነው መለሱላቸው። "ወታደሮቹ 'ሕፃኑን ይዘው ወዴት ሄዱ?' ብለው ጠይቀውት ነው፣ አባ። 'እኔ ምኑን አይቼ!' እያላቸው ነው።"

ቄሰ ገበዙ ቀና ብለው ወታደሮቹን አዩ። ከዚያ ዣንጥላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሥዕሉም እንዳለ ጸደቀ።

አባዬ ቢቸና ተመልሶ መዶሻውን አነሣ። "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰማህም?" እያለች እማዬ ብትጮህም ሥራውን አልተወም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አብሬው ስሄድ በግራው በኩል ነው የምሄደው። ድንጋይ ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ባጃጅ ሲመጣ እጎትተዋለሁ።

አሁን ያቺ የቀረችው ዓይኑም ደክማለች። ሰው ይለያል፤ ሥዕል ግን አይለይም። ባለፈው መስከረም የሙጫው ድስት አጠገብ ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ማየት ጀመርኩ። የወታደሮቹ እግር ተልጦ ወድቋል። አንዱ ጦር ከመሐሉ ተቆርጧል። ዝቅ ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

"ውቤ" አለኝ በቀስታ።

"አቤት አባዬ።"

"አሁንም እጠቅሳለሁ?"

ዓይኔን ጨፈንኩና ገለጥኩ። መዶሻው የለም። የጋቢው ጫፍ የለም። ፊቱ ግን አለ፤ ያቺም ወደ ላይ የተሰቀለች መስመር አለች።

"ትጠቅሳለህ" አልኩት።

ፊቱን ሙሉ ወደ እኔ አዞረና ሳቀ።